ከበሮ፣ ጀሪካንና 60 ልጆች፦ ሙዚቃን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር

የመጀመሪያውን የሙዚቃ ክፍለ ጊዜዬን ያበላሸሁት በጠመኔ ነው። ሰላምታ ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ አምስት መስመር አሰመርኩ፤ የሶል ቁልፍ ሣልኩ፤ "ይህ ሙሉ ኖታ ነው፤ አራት ምት ይቆያል" ብዬ ጻፍኩ። 60 የሦስተኛ ክፍል ልጆች ደብተራቸውን አውጥተው እያንዳንዷን መስመር በማስመሪያ ገለበጡ። በ40 ደቂቃ ውስጥ አንድም ዜማ አልተሰማም። ስወጣ አንዲት ልጅ በሩ ላይ ደረሰችብኝና "ቲቸር፣ ሙዚቃው መቼ ነው?" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅደም ተከተሌን ቀየርኩ። ልጅ አፉን ሳይፈታ ፊደል አይቆጥርም፤ ሙዚቃም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ጆሮ ይሰማል፤ ቀጥሎ አፍና እጅ ይሠራሉ፤ ኖታ የሚያነበው ዓይን ተራው የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ሳይዘጋጁ ለተመደቡ መምህራን ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃ ከቴአትር፣ ከውዝዋዜና ከሥዕል ጋር ተጠቃሎ "ክወናና እይታ ጥበባት" በሚል ስም ይሰጣል። ብዙ ቦታ ክፍለ ጊዜው የሚሰጠው ግን ትርፍ ሰዓት ላለው የሒሳብ ወይም የአማርኛ መምህር ነው። ፒያኖ የለም፤ ክራር ቢኖርም አንድ ነው፤ እሱም ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ይሁን። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ሥራ በአንድ ከበሮ፣ ከበሮ ከታጣም በአንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይሠራል።

1. መጀመሪያ መቆምን አስተምሩ

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ አንድ ምልክት ነው። መዳፋችሁን ስትዘረጉ ልጆቹ "ሆ" ይላሉ፤ ስትጨብጡ ድምፁ በቢላ እንደ ተቆረጠ ይቆማል። ጨዋታ አድርጉት፤ አንዳንዴ ቶሎ፣ አንዳንዴ አዘግይታችሁ ጨብጡ፤ ልትጨብጡ ስትሉ ተዉትና አታልሏቸው። ያመለጠው ሲስቅ ሌላው ይበልጥ ዓይኑን እጃችሁ ላይ ይተክላል። ይህ ምልክት ሳይሠራ 60 ልጆች እጅ ላይ የሚጮኽ ዕቃ የሚሰጥ መምህር ከጎረቤት ክፍል መምህር ጋር መጣላቱ አይቀርም። እኔ ተጣልቻለሁ። አሁን የሰዓት ድልድሉ ሲወጣ የእኔ ክፍለ ጊዜ ከጎረቤቴ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ጋር እንዲገጥም አስቀድሜ እለምናለሁ።

ዴስኩ አላፈናፍን ካለ ወደ ውጭ ውጡ፤ ነገር ግን ሜዳው መሐል አትቁሙ። ሜዳ ድምፅ ይበላል፤ ልጆቹም ራሳቸውን ስለማይሰሙ ይጮኻሉ። ጥላ ያለበት ግድግዳ ፈልጉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙራችሁ በግማሽ ክብ አቁሟቸው፤ እናንተ በግድግዳውና በእነሱ መካከል ቁሙ።

2. ምቱን እግር ይያዘው

ከበሮውን እኩል በእኩል ምቱ፤ ልጆቹ ባሉበት ይርገጡ። ሌላ ምንም አትጨምሩ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መላው ክፍል ይፈጥናል። ልጅ ደስ ሲለው ይሮጣል፤ እግሩም እንደዚያው። በቃል አትቆጡ፤ ከበሮውን ዝቅ አድርጋችሁ ምቱ። የሚያደምጠው ይቀንሳል፤ ያልሰማውም ጎረቤቱን አይቶ ይቀንሳል።

ለመምታትም ዘዴ አለው። ቆዳው መሐል ላይ በመዳፍ ሲመታ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ ጠርዙ ላይ በጣት ሲመታ ቀጭንና ደረቅ ይወጣዋል። ጀሪካንም እንዲሁ ነው፦ ሰፊው ጎኑ ይጎረናል፤ ማዕዘኑ ይንጣጣል። ወፍራሙን ለመጀመሪያው ምት፣ ቀጭኑን ለሚከተሉት ስጡ፤ ልጆቹ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ሳይባሉ ምቱ የት እንደሚጀምር ያውቃሉ።

3. ቃል አጨብጭቡ፤ ፊደል ግን አትቁጠሩ

እኩል ምት በእግር ከገባ በኋላ ስልተ ምትን ከምግብ ስም መማር ይቻላል። እግር እንደ ተለመደው ይረግጣል፤ አፍና እጅ ግን በአንድ ርግጫ ውስጥ አንድ ቃል ይላሉ። "ሙዝ" አንድ ጭብጨባ ነው። "ዳቦ" ሁለት ነው። "ብርቱካን" ሦስት፣ "አቮካዶ" አራት። በኖታ ቋንቋ ከሩብ (በአንድ ምት አንድ ድምፅ) እስከ አሥራ ስድስተኛ (በአንድ ምት አራት ድምፅ) ያለውን መንገድ ልጁ ስሙን ሳይሰማ በገበያ ቅርጫት ጨረሰው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። "ሽንኩርት" በሉ ብትሏቸው ገና ፊደል የለዩት ልጆች አምስት ጊዜ ያጨበጭባሉ፤ ሽ፣ ን፣ ኩ፣ ር፣ ት። ጆሮ የሚሰማው ግን ሁለት ነው፦ ሽን፣ ኩርት። "ብርቱካን"ም በጽሑፍ አምስት ፊደል፣ በአፍ ሦስት ነው። መፍትሔው እጅን ከአገጭ ሥር ማድረግ ነው። አገጭ በወረደ ቁጥር አንድ ጭብጨባ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ይህን ሲያገኙ የክፍሉን ልጆች ስም ሁሉ በአገጫቸው ሲለኩ ይከርማሉ፤ አቋርጡና ወደ ሥራ መልሷቸው እንጂ አትከልክሏቸው።

አማርኛ ማጥበቅና ማላላትም ስላለው ዜማ ስትሰጡ ተጠንቀቁ። "ዋና" ሲጠብቅ አለቃ ነው፤ ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው። የሚጠብቀውን ቃል አጭር ቦታ ላይ ካስቀመጣችሁት ልጁ ትርጉሙን አበላሽቶ ያዜማል፤ ወላጅም ቤት ሆኖ "ምን ማለትህ ነው?" ይለዋል።

"ብርቱካን"ን ደጋግማችሁ ስታስጨበጭቡ የአንዳንዱ ልጅ ትከሻ ሳይታዘዝ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አይገርምም፤ ችክችካ የምንለው ምት ራሱ በሦስት በሦስት የሚከፈል ነው። እስክስታውን እዚያው አያይዙት። ግማሹን ክፍል "ዳቦ"፣ ግማሹን "ብርቱካን" እያስባሉ ሁለትን በሦስት ላይ መግጠም ግን ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ይቆይ፤ በሁለተኛ ክፍል ሞክሬው አንድም ዳቦ አልተረፈኝም።

4. ድምፅ፦ "ከፍ አድርጉ" አትበሉ

በአማርኛ "ድምፅህን ከፍ አድርግ" ማለት "ጮክ በል" ማለት ነው። ስለዚህ መምህሩ ዜማው ወደ ላይ እንዲወጣ ፈልጎ "ከፍ!" ሲል ልጆቹ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኻሉ፤ ዜማው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። እኔ ለዜማ "ቀጭን" እና "ወፍራም"፣ ለጉልበት "ጮክ" እና "ቀስ" እላለሁ። ከዚያ ሁለቱን ማደባለቅ ነው፦ ቀጭን ግን ቀስ ያለ እንደ ትንኝ፤ ወፍራም ግን ጮክ ያለ እንደ በሬ። ልዩነቱን በጆሮ የለየ ክፍል የግማሽ ዓመቱን ሥራ ጨርሷል።

ድምፅ ለማሟሟቅ ጅብ ይበቃል። የጅብ ጩኸት ከወፍራም ተነሥቶ ወደ ቀጭን ይወጣልና ልጆቹ እንደሱ ከታች ወደ ላይ ያንሸራትቱ፤ እጃቸውም አብሮ ይነሣ። ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች ይመለሱ። የመንገድ ሻጮችን ጥሪም አስመስሉ፤ የቆራሌውን ድምፅ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፤ እያንዳንዱም ሻጭ የራሱ አነሣስና አወራረድ አለው።

የልጅ ድምፅ የራሱ ቤት አለው። ድምፆች ከወፍራም ወደ ቀጭን ሲደረደሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ላ፣ ሲ ይባላሉ፤ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል የሚመቸው ከመካከለኛው ዶ (ፒያኖ መሐል ላይ ካለው C) ቀጥሎ ካለው ሬ (D) እስከ ላ (A)፣ ቢበዛ ሲ (B) ድረስ ነው። በስልካችሁ ላይ የፒያኖ መተግበሪያ ጭናችሁ የመነሻውን ድምፅ ከዚያ ውሰዱ። ወንድ መምህራን በተለይ ልብ በሉ፦ ድምፃችን ከልጆቹ በአንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ርቀት) ገደማ ይወርዳል፤ ልጆቹም እኛን ለመምሰል ሲሉ በደረታቸው ያጉረመርማሉ። በዋሽንት ወይም በስልኩ መነሻውን ስጡና ድምፁ የቀና አንድ ልጅ ያውጣላችሁ።

ከዜማው የሚወጣ ልጅ ሁልጊዜ ይኖራል። አራተኛ ክፍል እያለሁ አንድ መምህር በሰልፍ ፊት "አንተ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ" ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሰው ፊት አላዜምኩም። እንዲህ ያለውን ልጅ ዝም አታሰኙት። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚናገርበትንና የሚያዜምበትን ድምፅ አለመለየቱ ነው። ድምፁ በጠነከረ ልጅ አጠገብ አስቀምጡት፤ ጅቡን ደጋግሞ ያንሸራት፤ ከዚያም እናንተ እሱ ያወጣውን ድምፅ ያዙና አብራችሁት አዚሙ። ከሰው ጋር መግጠም ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ በጆሮው ከሰማ ቀጥሎ ራሱ ይፈልገዋል።

5. መዝሙር ማስተማር

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። "ዘፈን" ብላችሁ ብትጀምሩ በነጋታው አንድ ወላጅ በር ላይ ሊጠብቃችሁ ይችላል። በብዙ ቤት፣ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ፣ ቃሉ ከባድ ነው። "የልጆች መዝሙር" ወይም "ዜማ" በሉ፤ ይዘቱንም ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ እህል አድርጉት። የአንድን ሃይማኖት ዝማሬ ወደ ክፍል አታምጡ። እንዲያም ሆኖ ቤተሰቡ ያልፈቀደለት ልጅ ካለ ከበሮውን ስጡት፤ ምት የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል።

ልጆቻችን አውጪና ተቀባይ መሆንን ከሜዳ ይዘውት ይመጣሉ። ድብብቆሽ ሲጫወቱ አንዱ "ኩኩሉ" ይላል፤ ሌሎቹ ከተደበቁበት "አልነጋም" ብለው ይመልሳሉ። ለቡሄ "ሆያ ሆዬ" የሚሉት ልጆችም ያላቸው ይኸው ቅርጽ ነው፦ አንዱ ግጥም ያወርዳል፤ ሌላው "ሆ" እያለ በዱላ ምቱን ይጠብቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው መዝሙር ተቀባዩ ሁለት ቃል ብቻ ያለው ይሁን። እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሴ ለክፍሌ የሠራሁት ስለሆነ እንደ ፈለጋችሁ ቀይሩት፦

ዝናቡ መጣ — ጠብ ጠብ
ልጅ ሁሉ ወጣ — ጠብ ጠብ
ጃንጥላ የለኝ — ጠብ ጠብ
እናቴ ጥሪኝ — ጠብ ጠብ

አውጪው አንደኛውንና ሦስተኛውን መስመር "ሶ ሶ ላ ሶ ሚ"፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን "ሚ ሚ ሶ ሚ ሬ" ይላል። ተቀባዩ ሁልጊዜ "ሬ ዶ" ነው። በመተግበሪያው ላይ ሬ የሚባለውን ቁልፍ ተጭናችሁ እሱን "ዶ" ብላችሁ ከተነሣችሁ ዜማው ልክ የልጅ ድምፅ ውስጥ ይውላል።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሙሉውን ሦስት ጊዜ አዚሙላቸው፤ ባዜማችሁ ቁጥር የሚያደምጡትን አንድ ጥያቄ ስጡ፦ "ጠብ ጠብ ስንት ጊዜ ሰማችሁ?"፣ "ልጁ ምን የለውም?"፣ "ድምፁ መጨረሻ ላይ ቀጠነ ወይስ ወፈረ?" ጥያቄ ያልተሰጠው ልጅ መስኮት ያያል። በአራተኛው ልጆቹ "ጠብ ጠብ"ን ብቻ ይቀበሉ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የአውጪውን መስመር አንድ በአንድ ውሰዱ፤ እናንተ ስታዜሙ እነሱ ዝም፣ እነሱ ሲያዜሙ እናንተ ዝም። አብራችሁ ካዜማችሁ አትሰሟቸውም፤ የት ላይ እንደሚስቱ ሳታውቁ ስሕተቱ ይደርቃል። የደረቀ ስሕተት ደግሞ እንደ ደረቀ ሲሚንቶ ነው። ግጥሙን ሰሌዳ ላይ የምትጽፉት ቃሉን በቃላቸው ከያዙ በኋላ ይሁን።

በሦስተኛው ሳምንት ግጥሙን ለልጆቹ ልቀቁ። አገጫቸውን ይዘው አምስት አምስት ጭብጨባ ያለው፣ ሁለት ሁለቱ መስመር ቤት የሚመታ ግጥም ይፈልጉ። የእኔ ተማሪዎች ስለ ጎርፍ፣ ስለ ጠፋ ጫማና ስለ እኔ ራሰ በራነት ገጥመዋል።

6. መሣሪያ ሥሩ

የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ሩቡን ምስር አድርጋችሁ ብትዘጉት ጥሩ ማንኳኳያ ይሆናል። ከዚያ በላይ ከሞላ እህሉ መንቀሳቀሻ ስለሚያጣ ይታፈናል። ሽንብራ ይጮኻል፤ ምስር ይንሾካሾካል፤ ሁለቱን አድርጋችሁ ልዩነቱን አስደምጡ። ቆርኪ ጠፍጥፎ፣ መሐሉን በምስማር በስቶ፣ በሽቦ መደርደር ጸናጽል መሰል ድምፅ ያወጣል፤ መጠፍጠፉና መብሳቱ ግን የልጅ ሥራ አይደለም፤ ጠርዙ ይቆርጣል።

ደንቡ አንድ ነው፦ መዳፍ እስኪዘረጋ ድረስ ዕቃው መሬት ላይ ነው። ከ60 ልጅ 15ቱ ብቻ መሣሪያ ይያዙ፤ ሌሎቹ ያዚሙ፣ ያጨብጭቡ፣ ይርገጡ፤ በየአምስት ደቂቃው ይቀያየሩ። ዋሽንት ካላችሁ ለመምህሩ ብቻ ይሁን፤ አንዱን ሸምበቆ በ60 አፍ ማዞር ጉንፋን ማከፋፈል ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ዋሽንት በርዝመቱ ልክ የተወሰነ ድምፅ አለው፤ ነፊዎች የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ይዘው የሚዞሩትም ለዚህ ነው።

7. ቅኝት በአምስት ጠርሙስ

ይህ ከሁሉም የምወደው ነው፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ይሠራል። ከሱቅ አምስት አንድ ዓይነት የለስላሳ ጠርሙስ ተዋሱ። አንዱን ባዶውን በእርሳስ መታ አድርጉት፤ በጣም ቀጭኑ ድምፅ እሱ ነው፤ "ላ" በሉት። ወደ ሁለተኛው ጥቂት በጥቂት ውኃ እየጨመራችሁ ስትመቱት ድምፁ ይወፍራል፤ "ሶ" ሲደርስ አቁሙ። እንዲሁ ሚን፣ ሬንና ዶን አድርሱ፤ የስልክ መቃኛ መተግበሪያ ይረዳል፤ ግን መጀመሪያ ልጆቹ በጆሯቸው ይፍረዱ። አንዱ አልደርስ ካለ በሌላ ዓይነት ጠርሙስ ቀይሩት። ውኃው የደረሰበትን በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ለነገ ይተናል።

አሁን በእጃችሁ ያለው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ የትዝታ ቅኝት ነው፤ ቅኝት ማለት ዜማ የሚሠራበት የድምፆች ስብስብ ነው። የዝናቡ መዝሙር ሙሉ በሙሉ ይመታበታል። ትዝታን ያስቀደምኩት በአምስቱ መካከል ግማሽ ድምፅ የሚባል ጠባብ እርምጃ ስለሌለ ነው፤ ልጁ ያገኘውን ሁለት ጠርሙስ አብሮ ቢመታ ጆሮ አይቆረቁርም። ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ዞልታን ኮዳይ (1882–1967) የአገሩን ልጆች ከሕዝብ ዜማና ከአምስት ድምፅ ቅኝት ጀምሮ እንዲማሩ የታገለው በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው፤ እኛ ግን ቅኝቱ ቤታችን ስላለ መበደር አያስፈልገንም። አምባሰል (ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶ፣ ላ ቤሞል፤ ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ የወፈረ ነው) እና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ጠባብ እርምጃ ስላላቸው ለልጅ ጉሮሮ ይከብዳሉ። እነሱን አስደምጡ፤ አታስዚሙ። ሌላውን ቅኝት፣ ባቲን፣ በሰባተኛ ክፍል ሞክሩት።

ጠርሙሶቹን ከመመለሳችሁ በፊት ልጆቹ በጠርሙሶቹ አፍ ላይ ይንፉ፤ አምስት ልጅ፣ ለየአንዳንዱ የራሱ ጠርሙስ። ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ባዶው ወፍራም፣ የሞላው ቀጭን። ሲመታ የሚርገበገበው ጠርሙሱና ውኃው ነው፤ ውኃ ሲበዛ ይከብድና ይዘገያል። ሲነፋ ግን የሚርገበገበው ከውኃው በላይ የቀረው አየር ነው፤ አየሩ ሲያንስ ይፈጥናል። የሳይንስ መምህሩ ይህን ሰምቶ ክፍሌ ገብቶ ተቀምጧል።

8. ምልክቱ አሁን ይምጣ

ልጆቹ የሚያውቁትን ዜማ አየር ላይ በጣት ያስምሩ፤ ሲቀጥን ወደ ላይ፣ ሲወፍር ወደ ታች። ከዚያ በጠመኔ መሬት ላይ፣ ቀጥሎ በደብተር። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ምልክት ይፍጠርና ሌላው ቡድን አንብቦ ያዚም። አንብበው መግባባት ሲያቅታቸው "ሁላችን የምንስማማበት ምልክት ያስፈልጋል" የሚለው ከራሳቸው አፍ ይወጣል። የአገራችን ሊቃውንት ይህን ችግር ከጥንት ፈትተውታል፤ ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ጋር የመጣው ትውፊት ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ የመሳሰሉ ምልክቶች አሉት፤ ከቃሉ በላይ ይጻፋሉ። ይህን እንደ ታሪክ አሳዩ። አምስቱን መስመር ከዚህ በኋላ፣ በአምስተኛ ክፍል ገደማ አምጡት፤ "ሙዝ" ሩብ ኖታ ነው፣ "ዳቦ" ሁለት ስምንተኛ ነው ስትሉ አንድም ልጅ ግር አይለውም።

ስለ ምዘና። በወረቀት "ክራር ስንት አውታር አለው?" ብሎ መጠየቅ ሙዚቃን አይመዝንም። እኔ በየክፍለ ጊዜው አምስት ልጅ ብቻ መርጬ ሳልነግራቸው አያለሁ፤ ምት ይጠብቃል? ከሌሎች ጋር ይገጥማል? በምልክት ይቆማል? በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ካለ በ12 ሳምንት 60ውን አዳርሳለሁ።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ አስተዳደሩ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አቁሞ ልጆቹ በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እንዲወዛወዙ ሊጠይቃችሁ ይችላል። እምቢ ማለት ባይቻል አንዱን ዝግጅት ብቻ ልመኑ፤ ልጆቹ በራሳቸው ድምፅ፣ ያለ ማይክሮፎን። ባለ ከበሮዎቹን ከኋላ፣ ድምፀ ቀጫጮቹን ከፊት፣ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፤ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ይነጠፍ፤ አለዚያ እንጨቱ ይንቀጠቀጣል። መነሻውን ድምፅ መድረክ ላይ ሳይወጡ በፊት በጆሯቸው ስጧቸው። ሲያልቅ ጠርሙሶቹን አጥባችሁ በዚያው ቀን ለሱቁ መልሱ፤ መያዣ የተከፈለባቸው ናቸው።